የቅዳሜው የሄሊኮፕተር ልምምድ

ሰላም ለሁላችሁ፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ የሄሊኮፕተር ልምምድ አለን። ቦታው ያው ባለፈው የተሰባሰብንበት ቤት ነው። ዓላማው አንድ ብቻ ነው፦ ሳይወዛወዙ አየር ላይ ቆሞ መቆየት።

የምንጠቀመው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን፣ ሄሊኮፕተሩም ካብሪ ጂ2 ነው። ቦሌ ላይ አንጀምርም። ኤርፖርቱ ከ7,600 ጫማ በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለጀማሪ ፋታ አይሰጥም። ድሬዳዋ ወደ 3,800 ጫማ ስለሆነ ከዚያ እንነሳለን።

እስከዚያው ቤታችሁ ይህን ሞክሩ። ክንዳችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ፣ ጆይስቲኩን በጣት ጫፍ ብቻ ያዙ። ትንሽ ነካ፣ ወዲያው ወደ ቦታው መለስ። ሄሊኮፕተሩ ሲንቀሳቀስ እስክታዩ ይዛችሁ ከቆያችሁ ዘግይታችኋል፤ ግራ ቀኝ መወዛወዙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዓይናችሁ ከአፍንጫው ሥር ሳይሆን ሩቅ አድማሱ ላይ ይሁን። እኔን ከሁሉም በላይ የረዳኝ ይሄ ነው። ኮሌክቲቩን (ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማንሻ) ስትስቡ የካብሪ አፍንጫ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቀኝ ፔዳል አብሮ ይግባ። በሌላው ሄሊኮፕተር፣ በቤል 407 የለመዳችሁ ተጠንቀቁ፣ እሱ ተቃራኒው ነው።

ጆይስቲክ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ፔዳል ያለው ካለ ቢያመጣልን ደስ ይለናል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም ያስፈልገናል። መብራት ከጠፋ ለእሁድ በዚያው ሰዓት ይዛወራል።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ፣ የምታመጡትን ዕቃ ጨምራችሁ፣ እዚሁ ጻፉልን።