ቡናው በረካ ሳይደርስ አትነሺ

ልጄ ሀያት፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደምታውቂው ነው፣ ብርዱ ሲጠና ይብስባታል። የወንድምሽን ጉዳይ እዚህ አላነሳም፣ ስትመጪ እንነጋገራለን።

ትናንት ማታ አክስትሽ ከለጋምቦ፣ ከአቀስታ ደወለችልኝ። ሐሜት እንደማትወድ ታውቂያለሽ። ለጥናታችሁ ቤት ለቤት እየዞራችሁ ስትጠይቁ በአንድ ቀን 14 ቤት ጨረሳችሁ አሉ። ጎረቤቷ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ቆሎ አቅርባ ቡና አፍልታላችሁ ነበር። አቦሉን ቆመሽ ጠጣሽና «ቸኩለናል» ብለሽ ወጣሽ።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቡና ስለተናቀ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሴትየዋን «ባለፉት 12 ወራት ምግብ ያጣችሁበት ጊዜ ነበር?» ብለሽ ጠየቅሻት። «አላህ ይመስገን፣ አልነበረም» አለችሽ። ያንን ታብሌትሽ ላይ መዝግበሽ ሄድሽ። እንግዳ ፊት፣ ገና ቆሎው ሳይነሳ፣ የወሎ ሴት ራበኝ ትላለች? አንቺ ከወጣሽ በኋላ ለአክስትሽ ነገረቻት። ልጇ ከሳዑዲ ብር መላክ ካቆመች 5 ወር ሆኗታል። ለበልግ ያስቀመጡትን የገብስ ዘር በልተውታል። ይሄ የወጣው በሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። ልጄ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ አትነሺ።

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ግን ደግሞ ስልክ ላይ ስታስረጂኝ እየሰማሁ እኮራለሁ። ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ ነግረሽኛል። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ላለፉት አሥርት ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል። የኮምፒውተር ሞዴሎቹ ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይሄን እንቆቅልሽ ብለውታል አልሽኝ። እንግዲህ በልጋችን ያለው እዚያው እንቆቅልሽ ውስጥ ነው። ለጋምቦ ላይ በልግ ማለት የዓመቱ እንጀራ ማለት ነው። ክረምቱ ውርጭና በረዶ ያመጣል፣ ደጋው በገብሱ የሚቆመው በበልግ ነው። ለዚህ ነው አንቺ የምትሠሪው ሥራ ከሁሉም ሥራ ይበልጥብኛል የምለው። ለዚህም ነው የምፈራልሽ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእናትሽ እንኳን ሙሉውን ነግሬያት አላውቅም።

በ1991 አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም ነበር። እኔ ለጋምቦ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። የካቲት ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። ከላይ ዕቅድ መጥቶልኛል፣ ይህን ያህል ሄክታር በበልግ ይሸፈን ተብሏል። እኔም ቤት ለቤት እየዞርኩ «ዝሩ፣ ዝሩ» አልኩ። አያ ሙሄ ቤት ደረስኩ። ሽማግሌው ማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። እጁን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ከተተና አውጥቶ አሳየኝ። ላይ ላዩ ጭቃ፣ ጣቱ ጫፍ ላይ ያለው ዱቄት። «ልጄ፣ ላዩ ነው የራሰ። ሆዷ ደረቅ ነው» አለኝ። ቀጠለና «ግባ፣ ቡና እየተፈላ ነው፣ እንጨዋወት» አለ። ሚስቱ ከበር ሆና ጠራችኝ። የቡናው ጭስ ይሸተኝ ነበር። እኔ ግን «ቸኩያለሁ አያ ሙሄ፣ ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል። ብቻ ዝራ» ብዬው ሄድኩ።

ዘራ። የመንግሥት ሰው ሲናገር እንቢ ማለት ይከብደዋል። ገብሱ በቀለ፣ አንድ ጣት አደገ፣ ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። የዚያ ዓመት በልግ በወሎ ደጋ ሁሉ ከሸፈ። ኋላ እንደሰማሁት የዘራው የመጨረሻዋን ዘር ነበር። ቁጭ ብዬ ቡናውን ብጠጣ ኖሮ ይነግረኝ ነበር። «ግማሹን አስቀር» እለው ነበር። ሰኔ ሳይገባ ቦራ በሬውን ሸጠው። በሬውን እየነዳ ሲያልፍ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሰላም አለኝ። ሰላምታውም ያው እንደ ድሮው ነበር፣ እሱ ነው የገደለኝ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ፣ አላህ ይማረው።

ስለዚህ አደራ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ አትነሺ።

ያ ባለፈው የነገርሽኝ የዓለም ሳይንቲስቶች ሪፖርት ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ከ3.3 እስከ 3.6 ቢሊዮን ሰው ለአየር ንብረት ለውጥ በጣም ተጋላጭ በሆነ ሁኔታ ውስጥ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 በጎርፍ፣ በድርቅና በማዕበል የሞተው ሰው በጣም ተጋላጭ በሆኑት አካባቢዎች፣ እምብዛም ተጋላጭ ካልሆኑት ጋር ሲነጻጸር፣ 15 እጥፍ ነው። ሰማዩ ብቻ አይገድልም ማለት ነው። እኛ ወሎዎች ይሄን በቆዳችን እናውቀዋለን። በ1965 እና 66 ሰዉ በየመንገዱ ሲረግፍ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። አማርትያ ሴን የሚባለው ህንዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፍ ይሄንን ጽፎታል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ይላል። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ መግዣውም አብሮ ጠፋ። እህል ባለበት አገር ተራበ። አባቴ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ «ጋሪው በፊታችን ያልፍ ነበር» ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ያጋንናል እል ነበር። አላጋነነም።

ዛሬማ ምግብ ለሚያጥረው ቤት የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሴፍቲኔት የሚሉት፣ አለ፣ ከ1997 ጀምሮ ስንቱን ቤት ደግፏል። ክፉ ጊዜ ሲመጣ ሰው በሬውን ሳይሸጥ እንዲያልፍ ነው የታሰበው። አያ ሙሄ በደረሰበት እላለሁ አንዳንዴ። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል የሚባለው በወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚሞሉት ደግሞ እንደ አንቺ ያሉ ልጆች ናቸው። ያቺ ሴት «አልነበረም» ብላ የተጻፈላት ነገ ቁጥር ትሆናለች። ቁጥሩ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ማን ያወጣዋል?

እ.ኤ.አ. በ2027 ትልቁ የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንደሚካሄድ ሰምቻለሁ። ለዚያ ይድረስ ብለው እንደሚያጣድፏችሁም ነግረሽኛል። ይድረስ፣ ደስ ይለኛል። እኛ ወደ ሰማይ የለቀቅነው ጭስ ከሌላው ጋር ሲተያይ ምንም ነው፣ ዕዳው ግን እኛ ማሳ ላይ ወድቋል፤ ይሄ ፊት ለፊት መነገር አለበት። የሚነገረው ግን እውነቱ ይሁን። ለአለቃሽ ንገሪው፣ በቀን 14 ቤት አይሆንም። 4 ይበቃል። ከተቆጣ ይቆጣ።

ደሞ ራስሽን አትጣይ። አክስትሽ «ሀያት ከስታለች» አለችኝ። እናትሽ በሶ አዘጋጅታልሻለች፣ ከማሩ ጋር በትንሿ ጀሪካን ነው። ጋቢውንም ልኬዋለሁ። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ ሲወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሆነሽም ያንቀጠቅጥሻል። ከሰዓት በኋላ ከደሴ አትነሺ፣ በጠዋቱ ሂጂ። ፓወር ባንኩን ቻርጅ አድርጊ፣ ስልክሽ ሲዘጋ እናትሽ አትተኛም። ብር ካጠረሽ እኔን ጠይቂ፣ ጓደኛሽን አትጠይቂ። የዚያን የኩታበሩን ነገር አልረሳሁም።

ነገ ወደዚያች ሴት ተመለሺ። ታብሌቱን ቦርሳሽ ውስጥ ተይው። ስኳር ያዢ። ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ። ስለ ልጇ ጠይቂያት፣ ስለ ምግቡ አትጠይቂያት፣ እሷው ታመጣዋለች። ከዚያ የጻፍሽውን አስተካክይ። አብሽሪ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። የእኔው አልተስተካከለም። ቡናው በረካ ሳይደርስ ግን አትነሺ።

ሌላ አንድ ነገር። ከበሶው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ 2 ኪሎ ቡና አለ። አንዱ የአክስትሽ ነው። ሌላውን ለአያ ሙሄ ልጅ አድርሽልኝ፣ አክስትሽ ቤቱን ታሳይሻለች፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ባህር ዛፍ የከበበው ነው። እናቱ በሕይወት አለች አሉ። ማን ላከው ካለችሽ ስሜን ንገሪያት። ካላስታወሰችኝ፣ በ1991 ቡናው እየተፈላ ጥሎ የሄደው በያት።

አባትሽ
ደሴ