ስፓርታን የጣለችው ከተማ፦ የታሪክና ኮምፒዩተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ አንድ ነው፤ ዚሮ ኤዲ (0 A.D.) ለሚባለው የስትራቴጂ ጌም አንድ የጥንት ግሪክ ወገን፣ ማለትም ተጫዋቹ መርጦ የሚመራው ሕዝብ፣ መሥራት። ጌሙን የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በነጻ ይወርዳል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የኮምፒዩተር ክፍላችን አሮጌ ማሽኖችም እያቃሰቱ ይችሉታል። ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። አንድ ወታደር ስንት ምግብና ብረት ይፈጃል? ምን ያህል ይፈጥናል? እስከ የት ያያል? ሁሉም በኖትፓድ ተከፍቶ የሚስተካከል ተራ ጽሑፍ ነው። አንዲት ምልክት ከተረሳች ግን ስክሪኑ በቀይ የስህተት መልእክት ይሞላል። ዘንድሮ ቀይ ጽሑፍ ጠግበናል።

የትኛውን ከተማ እንሥራ ሲባል ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ስፓርታ!" አሉ። ስፓርታማ ጌሙ ውስጥ አለች። አቴንስም መቄዶንያም አሉ። ጎረቤታችን ኩሽ እንኳ ከነዝሆኖቹ አለ፤ እሱን መጫወት ሲጀምሩ ሥራ ቆሞ ነበር። እኛ በጫንነው ውስጥ ያጣነው ስፓርታን ያንበረከከችውን ቴብስን ነው። የግብጿን አይደለም፤ ከአቴንስ ሰሜን ምዕራብ፣ ቦዮቲያ የሚባለው አገር ላይ ያለችውን።

ተቃውሞው ወዲያው መጣ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አንብቦ መጣና "እነዚህ እኮ ባንዳ ናቸው" አለ። እውነቱን ነው፤ ፋርሶች ግሪክን ሲወሩ ቴብስ ከንጉሣቸው ከዜርክሲስ ጋር ተሰልፋለች። ሌላዋ ደግሞ የጥንቱን ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስን ይዛ ቀረበች። እሱ እንደጻፈው ቴብሶች ራሳቸው "ያኔ ከተማዋን የያዙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፣ ሕዝቡ አልተጠየቀም" ብለው ተከራክረዋል። ምክንያት ነው ወይስ ሰበብ? አልተስማሙም። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን የሚለው በጌሙ የታሪክ ገጽ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ። የእኛ ወገን ግን የሚጀምረው ቦዮቲያ ከአቴንስ እጅ ከወጣችበት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 ነው፤ የሚያበቃው ታላቁ እስክንድር ከተማዋን ባፈረሰበት በ335።

ይህ ዘመን መመረጡ አንድ ጥቅም አለው። የቦዮቲያ ኅብረት ያኔ በ11 ወረዳ የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱ ወረዳ 1,000 ከባድ እግረኛና 100 ፈረሰኛ ያዋጣል። ልጆቹ ይህን ቀጥታ ወደ ጌም ሕግ ቀየሩት፤ ተጫዋቹ ከዋናው ከተማ ውጭ ብዙ ሰፈር በመሠረተ ቁጥር ብዙ ጦር ያገኛል። ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ይራባል።

የዓመቱ ትልቁ ጭቅጭቅ የእሳቱ መሣሪያ ነበር። በ424 አቴናውያን ዴሊዮን የሚባል ቦታ ቤተ መቅደስ ውስጥ መሸጉ። ቦዮቲያውያን ያደረጉትን ቱኪዲደስ እንደ አናጺ ነው የሚዘረዝረው። ትልቅ ግንድ ለሁለት ሰነጠቁ፣ ውስጡን ቦርቡረው መልሰው ገጠሙት። ጫፉ ላይ ድስት በሰንሰለት አንጠለጠሉ፤ ከግንዱ ወደ ድስቱ የሚወርድ የብረት ቱቦ አበጁ። ድስቱ ውስጥ ፍም፣ ድኝና ዝፍት። በዚህኛው ጫፍ ትልልቅ ወናፍ። ወናፉ ሲነፋ ነበልባሉ ግንቡን በላው።

የልጆቹን ዓይን ማየት ነበር! የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ታንክ ሠርተው አረፉት። በደቂቃ ውስጥ ማንኛውንም ከተማ ያጋያል። ይህን ያስቆመችው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። "ግንቡ እኮ እንጨትና የወይን ሐረግ ነበረበት፤ ድንጋይ ብቻ ቢሆን ምን ይቃጠላል?" አለች። አሁን መሣሪያው የእንጨት አጥርን ይጨርሳል፤ ድንጋይ ላይ ግን ምንም አይፈይድም። በጣም መቅረብም ስላለበት ካልታጀበ ይሰበራል። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ውሳኔ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ቴብስ ስፓርታን ያሸነፈችበት የሌውክትራ ውጊያ ነው። በ371 የቴብሱ የጦር መሪ ኤፓሚኖንዳስ የግራ ክንፉን 50 ሰው ጥልቀት ሰጥቶ አሰለፈ። የስፓርታዎቹ ከ12 አይበልጥም ነበር። ይህን የሚነግረን ለስፓርታ የሚያደላው ታሪክ ጸሐፊ ዜኖፎን ስለሆነ ለቴብስ ብሎ አጋነነ አይባልም። እዚያ ከነበሩት 700 የስፓርታ ሙሉ ዜጎች 400 ያህሉ አለቁ፤ ንጉሣቸውም ሞተ። ታዲያ 50 ጥልቀት በጌም ምንድን ነው? መጀመሪያ የማጥቃት ኃይል በእጥፍ ጨመሩ፤ ስፓርታ ወዲያው ፈረሰች። "ይሄማ ቺት ነው" ተባለ። 30ኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰው ጦሩ ማንም ጋ አይደርስም፤ የፊተኛው እንዳያፈገፍግ ነው የሚደግፈው። ስለዚህ ጌሙ ውስጥ ኤፓሚኖንዳስ አጠገብ ያለ እግረኛ የበለጠ ይጸናል፤ ግን ይዘገያል። ኤፓሚኖንዳስ እንዳደረገው ቀኝ ክንፉን ከውጊያው ማራቅ የተጫዋቹ ፋንታ ነው፤ እሱን ኮድ ሊሠራለት አይገባም።

300 ሰው የነበረውን የቴብስን ምርጥ ጦር፣ ቅዱሱን ጓድ፣ ወደ 30 አወረድነው፤ ጌሙ ውስጥ 300 የአንድ ተጫዋች ጠቅላላ ሕዝብ ሊሆን ይችላላ። ባሕር ኃይሉን ደግሞ ሆን ብለን አደከምነው። ኤፓሚኖንዳስ ትሪሪም የሚባል 100 የጦር መርከብ ይሠራ ብሎ ሕዝቡን አሳምኖ ነበር፤ በ362 ማንቲኒያ ላይ ሲሞት ነገሩ አብሮት ሞተ። ደሴት የበዛበት ካርታ ላይ ቴብስን የመረጠ ጉዱ ይፈላል።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ዜኖፎን ለፈረሰኛ የሚመክረው የቦዮቲያን የራስ ቁር ነው፤ ከጥሩር በላይ ያለውን ሁሉ ይጠብቃል፣ እይታን ግን አይከለክልም። አንድ ልጅ ይህን አነበበና ማንንም ሳይጠይቅ የፈረሰኞቻችንን የእይታ ርቀት ከፍ አደረገ። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የቀየረው። ማንም አልተቃወመውም።

ያልተሠራው ብዙ ነው። ሥዕል የሚሠራ ስላልነበረን ቴብሶች እስካሁን የስፓርታ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም የሚሞክር ካለ መስከረም ላይ የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ክፍት ነው። አንድ ሕንፃ ግን ከወዲሁ ታዟል፤ እስክንድር ከተማዋን ሲያፈርስ አትንኩ ብሎ አተረፈው የሚባለው የገጣሚው ፒንዳር ቤት። ጠላት ሊያፈርሰው እንዳይችል ተስማምተናል። ሲቆም ለተጫዋቹ ምን ይሰጣል የሚለው ላይ ግን 12ኛ ክፍሎች አንድ፣ 10ኛ ክፍሎች ሌላ ይላሉ።