ያልከፈለ ሰው ቤት ሲቃጠል

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በአስተያየት ዓምዳችሁ የወጣውን፣ መንግሥት ከጸጥታ ጥበቃና ከፍርድ ቤት ያለፈ ሥራ ሊኖረው አይገባም የሚለውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው የሊበርታሪያኖችን፣ ማለትም የግለሰብን ነፃነት ከሁሉ አስቀድመው የመንግሥትን ሥልጣን ማጥበብ የሚሹ ሰዎችን፣ አስተሳሰብ ጥርት ባለ አማርኛ ማቅረባቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ አስተሳሰቡ ክፉኛ የሚፈተንበትን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘለውታል። ሰው በፈቃዱ ያልተዋዋለበት ግዴታ የለበትም የሚለው መርሕ፣ አጠገባችን ያለ ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያስከትል ሳይጠይቁ ወደ ግብር ቅነሳ ተሻገሩ። እኔ እዚያችው የተዘለለችው ቦታ ላይ ልቆይ።

አስተሳሰቡ ወጣቶችን ለምን እንደሚስብ የእኔ ትውልድ ሰው አይጠፋውም። በደርግ ዘመን ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የተጣለበትን ኮታ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክብ ነበር፤ ምርቱ ያልበቃው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስገባ ነበር። ደመወዝተኛውም «በፈቃዱ» ያዋጣው ገንዘብ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው በወሩ መጨረሻ ፔሮል ላይ ሲፈርም ነበር። ስለዚህ አሜሪካዊው የሊበርታሪያን ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ከሥራ ገቢ የሚወሰድ ግብር ከግዳጅ ሥራ አይለይም ብሎ ሲከራከር፣ የባዕድ አገር ቅንጦት ነው ብዬ ላጣጥለው አልችልም። ነገር ግን መንግሥት እጁን ይሰብስብ ማለትና ሰው ለሰው ያለበት ግዴታ ሁሉ ከውል ብቻ ይመነጫል ማለት ለየቅል ናቸው። ኖዚክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 የቀድሞው አቋሙ ከባድ ጉድለት እንዳለበት መጻፉን ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

በአሜሪካ ቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ ሳውዝ ፉልተን በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 የሆነውን እናንሳ። ከከተማዋ ክልል ውጭ የሚኖሩ ሰዎች የከተማዋን የእሳት አደጋ አገልግሎት የሚያገኙት በዓመት 75 ዶላር ሲከፍሉ ነበር። ክፍያውን ያልፈጸመ የአንድ ቤተሰብ ቤት እሳት ሲነሣበት፣ ባለቤቱ የተጠየቀውን ሁሉ እከፍላለሁ ቢልም ሠራተኞቹ አልመጡለትም። የመጡት እሳቱ የከፈለውን ጎረቤት ይዞታ ሲነካ ነው። የጎረቤቱን አዳኑ፤ የዚያኛው ቤት ግን የእሳት አደጋ መኪናው እዚያው ቆሞ፣ ሦስት ውሾችና አንዲት ድመት ውስጡ እንዳሉ ነድዶ አለቀ። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 2011፣ በዚያው አካባቢ ሌላ ቤት በተመሳሳይ ምክንያት ተቃጠለ።

ሊበርታሪያኖች ለዚህ ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው አገልግሎቱ የከተማው አስተዳደር እንጂ የግል ድርጅት አልነበረም የሚለው ሲሆን፣ እውነት ነው፤ ሆኖም አስተዳደሩ የሠራው እነሱ እንደሚመክሩት በክፍያና በውል ነበር። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ሰው ቤቱ በተቃጠለ ቀን ብቻ ከፍሎ የሚድን ከሆነ አስቀድሞ የሚከፍል ይጠፋል፤ ከፋይ ከጠፋ ደግሞ መኪናውም ሆነ ሠራተኛው አይኖርም። ይህን ክርክር በ«ጭካኔ ነው» ብቻ ማለፍ አይገባም።

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ጸሐፊው ራሳቸው እድርን ለአስተሳሰባቸው ምስክር አድርገው ጠርተዋልና። ለብዙ ዓመታት የእድር ጸሐፊ ሆኜ ስላገለገልኩ ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ ብጠይቀው ቅር የሚሰኙ አይመስለኝም። እድር በእርግጥ ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን አባላቱ ራሳቸው የሚመርጡበት፣ ማንም ከላይ ያላዘዘው ማኅበር ነው። መዝገቡ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከወርሃዊው መዋጮ ሌላ ውዝፍና ቅጣትም ይሰፍራል፤ ከቀብር የቀረም ይቀጣል። የብዙ ወር ውዝፍ ያለበት አባል ቤት ለቅሶ ሲገባ ታዲያ ኮሚቴው ይጨቃጨቃል፤ ዛሬ ይህን ካለፍነው ነገ ማን ይከፍለናል የሚልም አይጠፋም። የሳውዝ ፉልተንን ክርክር እኛም በዓይነቱ እናውቀዋለን ማለት ነው። በእኛ እድር የነበረው አሠራር የሚከተለው ነው፦ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ በሰዓቱ ይወጣል፤ ውዝፉ ከነቅጣቱ ለሐዘንተኛው ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ዕዳው ከሠልስት በኋላም ይሰበሰባል፤ ቀብሩ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። እሳቱን አስቀድሞ አጥፍቶ ሂሳቡን ከበድ ካለ መቀጮ ጋር የሚያስከፍል ደንብ ማውጣት ለአንድ ከተማ የሚያቅት አልነበረም፤ እንዲህ ቢደረግም አስቀድሞ የከፈለ ሰው አልተሞኘም።

እድርተኛ ያልሆነ የቀን ሠራተኛ በሰፈሩ ሲሞት ደንባችን ላይ አንዲት ቃል አልነበረችም፤ ነጠላ ተዘርግቶ ይዋጣለታል እንጂ ውል አልነበረውም ተብሎ አስከሬኑ አይተውም። ይህን ስል ግን እድርን መልአክ ማድረጌ አይደለም። ያለ እድር መሞት ምን ማለት እንደሆነ እያወቀ ለመዝገብ የቀረበን ሰው በነፃ ፈቃዱ ገባ ለማለት እቸገራለሁ። የግል ማኅበርም እንደ መንግሥት ሰውን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ የጸሐፊው አስተሳሰብ ይህን ጭንቅ የሚለካበት ሚዛን የለውም።

ወደ ሕጉ ስመጣ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 575፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድና የማይቀር አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ሳይረዳ የተወን ሰው ይቀጣል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ግዴታ የለም። ሊበርታሪያኖች ይህን ከፈቀድን ማቆሚያ የለውም፣ ዛሬ የሚሰምጠውን አድን ያለ መንግሥት ነገ የተራበውን ሁሉ አብላ ይላል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ግን ድንጋጌው ማቆሚያውን ራሱ ይዞ የተረቀቀ ሆኖ ነው የማገኘው፤ አደጋው የቀረበ፣ መርዳቱ የሚቻል፣ ረጂውም የማይጎዳ መሆን አለበትና። በተቃራኒው አቅጣጫ ማቆሚያ ያጣው የእነሱ መርሕ ነው። ሌላው የአስተሳሰቡ አራማጅ፣ አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር መሬይ ሮትባርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 መርሑን እስከ ዳር ወስዶ፣ ወላጅ ልጁን እንዲመግብ በሕግ ሊገደድ አይገባም እስከማለት ደርሷል። በአመክንዮው አልተሳሳተም፤ ከተነሣበት መርሕ ተነሥቶ በቀጥታ የሄደ ሰው የሚደርሰው እዚያው ነው።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ በእርሳቸው ዕይታ አንቀጽ 575 ይሰረዝ ወይስ ይቆይ? ይቆይ ካሉ፣ ያለ ውል የሚመጣ ግዴታ እንዳለ ተቀብለዋልና ቀሪው ክርክራችን ስለ መጠኑ ይሆናል። ይሰረዝ ካሉም ምክንያታቸውን በዚሁ ዓምድ ቢያስነብቡን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ