ለደንበኞቻችን፦ አንዷ ሴሴና ለምን እንደቆመች

ውድ ሰልጣኞችና ወላጆች፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ የበረራ ሥልጠና ፕሮግራም ለምን እንደተሸጋሸገ ጠይቃችሁናል። ከዚራ ያለው ቢሯችን ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። ጉዳዩ በስልክ ሁለት ቃል ተብሎ የሚያልፍ ስላልሆነ ይህን ጻፍንላችሁ።

ከሁለቱ ሴሴና 172 አውሮፕላኖቻችን አንዷ በፊት ጎማዋ እግር ምክንያት ቆማለች። አንድ ሰልጣኝ ሲያርፍ የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት መታ። አውሮፕላኗ ነጠረች፤ አስተማሪው ወዲያው ተቀብሎ አረጋጋት። ማንም አልተጎዳም። ጎማውም አልፈነዳም፤ እንዲያውም በራሷ ተንቀሳቅሳ ማቆሚያዋ ገብታለች። ሰልጣኙ ግን እንደወረደ "አስደንጋጭ አስተራረፍ ነበር" ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ለዚህ ልጅ ትልቅ ምስጋና አለን።

መካኒካችን የሞተሩን ሽፋን ከፍቶ በባትሪ አየ። ሞተሩን ከመቀመጫው ክፍል የሚለየው ስስ የብረት ግድግዳ ከታች በኩል ተጨማዷል። ብረቶቹን አያይዘው የሚይዙት አንዳንዶቹ ሪቬቶች (የብረት ምስማሮች) ዙሪያ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነበር። ያ ዱቄት ቆሻሻ አይደለም፤ ሪቬቱ ላልቶ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ከፊት የሚሽከረከረው ፕሮፔለር መሬት አለመንካቱንም አረጋግጠናል። ነክቶ ቢሆን ሞተሩ ራሱ ተፈትቶ መመርመር ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላዎቹ ሁለት እግሮች እንደ አይሱዙ ባሌስትራ የሚለጠጡ ጠንካራ ብረቶች ናቸው። የማረፍን ክብደት እንዲቀበሉ የተሠሩት እነሱ ናቸው። የፊቱ እግር ግን አየርና ዘይት ያለበት ሾክ ነው፤ የታሰረውም እዚያው ስስ ግድግዳ ላይ ነው። ሥራው አውሮፕላኗ ካረፈች በኋላ ፊቷን ደግፎ መሪ መሆን ነው። ቀድሞ መሬት ከመታ ምቱ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

የድሬ ሙቀት ደግሞ ይህን ያከብደዋል። ማረፊያችን ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ ሲያሳይ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኗ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ያህል ትሆናለች። ይህ ከሐረር ከፍታም ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ቀን የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ አሃድ) ሲል እውነተኛው ፍጥነት ወደ 67 ይጠጋል። ፍሬኑና እግሩ መሸከም ያለባቸው ጉልበት ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጨምራል። በዚያ ላይ አቧራው አለ። የሾኩ የሚያብለጨልጭ ዘንግ ላይ ተለጥፎ ዘይቱን የሚይዘውን ጎሚኒ ይበላዋል፤ ዘይቱ ያንጠባጥባል፤ ሾኩ ይሞታል። በየጠዋቱ ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ የምንላችሁ ለዚህ ነው።

የላንዲንግ ጊር (የአውሮፕላኗ እግርና ጎማ) ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እግሩ በተሰበረበት ቀን አይደለም። አንዱ ሰልጣኝ ያስነጥራታል፣ ዝም ይላል። ሌላው ያስነጥራታል፣ እሱም ዝም ይላል። ስንጥቁ ውስጥ ለውስጥ ያድጋል። ከዚያ አንድ ቀን ምንም ያላጠፋ ልጅ በለስላሳ አስተራረፍ ላይ የአውሮፕላኗ እግር ይከዳዋል። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ይህ ነው።

አንዳንድ ወላጆች "ጎማው አልወጣ ቢልስ?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። የእኛ አውሮፕላኖች ጎማ ቋሚ ነው፤ አይታጠፍም። ስለዚህ ያ ችግር እነሱ ላይ አይደርስም። የሚታጠፍ ጎማ ያላቸውም ቢሆኑ ዋናው መንገድ ሲበላሽ ጎማውን የሚያወርዱበት ሌላ መንገድ አላቸው።

ከእንግዲህ የማረፍ ልምምድ የሚደረገው ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት ትምህርቱ ክፍል ውስጥ ይሆናል። አውሮፕላኗ ከነጠረች አፍንጫዋን ወደ ታች አትጫኑ፤ ሁለተኛው ንጥረት ከመጀመሪያው ይብሳል። ሙሉ ጉልበት ስጧት፣ ተነሡ፣ ዞራችሁ እንደገና ኑ። ተመልሶ መነሣት በማንም ላይ ነጥብ አያስቀንስም።

ጠንከር ያለ አስተራረፍ ካጋጠማችሁ፣ ትንሽም ብትመስላችሁ፣ ተናገሩ። ስለተናገረ የሚቀጣ፣ የሚከፍል ወይም ሰዓት የሚቆረጥበት ሰልጣኝ አይኖርም። "እኔ ነኝ ያበላሸኋት" ብላችሁ አትሸማቀቁ። የተነገረን ጉዳት እንጠግነዋለን፤ ያልተነገረንን ግን የሚያገኘው ቀጥሎ የሚበረው ልጅ ነው።

የተሰረዙ በረራዎች ሰዓት እንዳለ ተይዞላችኋል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ፕሮግራማችሁን ማሸጋሸግ የምትፈልጉ ቢሮ ብቅ በሉ ወይም ደውሉ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ መርምሮና ፈርሞ እስኪያስረክበን ድረስ ያቺ ሴሴና አትነሣም። የምትመለስበትን ቀን እንዳወቅን ለእያንዳንዳችሁ እንደውላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማሰልጠኛው አስተዳደርና የጥገና ክፍል
ድሬዳዋ