«00፡20» የየትኛው ቀን ሌሊት ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ያለ አስጎብኚ በውጭ አገር በባቡር መጓዝን የሚያበረታታውን፣ በጉዞ ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ባቡር ከአውሮፕላን ይልቅ አገር ያሳያል መባሉ እውነት ነው። ትኬት መቁረጡ ግን ቤት ተቀምጦ በስልክ የሚያልቅ ቀላል ጉዳይ ሆኖ መቅረቡ ከጎንደር ተነሥቶ የሚሄደውን መንገደኛ የሚያሳስት ስለመሰለኝ፣ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ከባለቤቴ ጋር ልጃችንን ለመጠየቅ ወደ ሕንድ፣ ፑንጃብ ሄደን የገጠመንን ለመጻፍ ተነሣሁ።

እኛ የምናውቀው መናኸሪያን ነው። ረዳቱ የሚሄድበትን ከተማ እየጠራ መንገደኛ ይሰበስባል፤ ወንበር ካለ ይቀመጡበታል፣ ከሌለም «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል። በሕንድ የረጅም መንገድ ባቡሮች ግን መኝታውና ወንበሩ አስቀድሞ በስም የሚያዝ ሲሆን፣ ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው፤ እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ እንዲያውም 120 ቀን ነበር። ቦታው ሲሞላ ሽያጩ ወዲያው አይቆምም። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ትኬት «ደብሊው ኤል» የሚል ምልክትና አንድ ቁጥር ይወጣበታል፤ ተጠባባቂ ማለት ነው። ቦታ የያዙት ሲሰርዙ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባቡሩ ሊነሣ ሰዓታት ሲቀሩት የመንገደኞች ዝርዝር ሲዘጋ ተራው ያልደረሰው ሰው፣ ትኬቱ በኢንተርኔት የተቆረጠ ከሆነ፣ በራሱ ይሰረዝበታል። ከዚህ ሳንነሣ ትኬት የቆረጠልን የጉዞ ወኪል ይህን አልነገረንም። ወረቀቱ ላይ ስማችን፣ የባቡሩ ቁጥርና ባለ 10 አኃዝ መለያ ስላለበት፣ እኛም ትኬት አለን ብለን «ደብሊው ኤል 43» ይዘን ዴልሂ ድረስ ሄድን።

ራሴ ልቁረጥ ብዬ ያልሞከርሁ አይምሰላችሁ። የባንክ ካርዴ በውጭ አገር ይሠራል ተብዬ ነበር፤ ለኢንተርኔት ግዢ ግን ለብቻው መከፈት እንዳለበት ያወቅሁት ክፍያው ሦስት ጊዜ ከተመለሰብኝ በኋላ ነው። ታትካል የሚሉት፣ ከጉዞው አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሚከፈት የአስቸኳይ ትኬት ሽያጭም አለ። አየር ማቀዝቀዣ ላላቸው ፉርጎዎች የሚጀምረው በሕንድ ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ጎንደር ላለ ሰው ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን ታትካልን በኢንተርኔት ለመቁረጥ አዳሃር የተባለው፣ እንደ እኛው ፋይዳ ያለ የመታወቂያ ቁጥር ስለሚጠየቅ፣ ያ በር ለእንግዳ ሰው ተዘግቷል።

እኛን ያዳነን በአካል መቅረባችን ነው። በኒው ዴልሂ ጣቢያ ፎቅ ላይ ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ ትኬት የሚሸጥበት ቢሮ አለ፤ ፓስፖርት አሳይቶ ለእንግዶች ከተተወው ኮታ መግዛት ይቻላል። (ከተማዋ ኦልድ ዴልሂ፣ ሐዝራት ኒዛሙዲንና አናንድ ቪሃር የሚባሉ ሌሎች ትልልቅ ጣቢያዎችም ስላሏት፣ ባቡሩ ከየትኛው እንደሚነሣ አጣርቶ ማንበብ የግድ ነው።) ደረጃው ሥር ባጅ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ቢሮው ወደ ሌላ ሕንጻ ተዛውሯልና ላድርሳችሁ አለን። ልጃችን አስቀድሞ በስልክ ባያስጠነቅቀን ኖሮ ሻንጣችንን እየጎተትን እንከተለው ነበር። ስንወጣ ቢሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በዚያው ቀን ቦታ አገኘን።

የከፋው በመልሱ ጉዞ የደረሰብን ሲሆን፣ ለዚህ የምወቅሰው ራሴን ብቻ ነው። ፑንጃብ ውስጥ ካለችው ከጃላንዳር ከተማ ወደ ዴልሂ የተቆረጠልን ትኬት መነሻው ፌብሩዋሪ 15፣ 00፡20 ይላል። ለ31 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ሰዓቱን ወደ እኛ ለመመለስ አልተቸገርሁም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው። ቀኑንም አመሳከርሁ፤ የካቲት 8፣ ቅዳሜ። ልጃችን ፈተና ላይ ስለነበር አትሸኘንም ብለነው፣ ቅዳሜ እራታችንን በልተን፣ ባለቤቴ ከጎንደር ካመጣችው ዳቦ ቆሎ የተረፈውን በፌስታል ቋጥራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጣቢያው ደረስን። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ትኬቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያም ቀኑን በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ባቡሩ ትናንት ሌሊት መሄዱን ነገረኝ። በእነሱ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ዘንድ ግን ቅዳሜ የሚገባው ሲነጋ ስለሆነ፣ እነሱ ቅዳሜ 00፡20 የሚሉት በእኛ አነጋገር የዓርብ ሌሊት ነው፤ ባቡሩም እኛ ዓርብ ማታ ተኝተን ሳለ ሄዷል። ገንዘቡ አልተመለሰም። የአውሮፕላናችን ቀን ገና ስለነበር በማግስቱ በአውቶቡስ ዴልሂ ገባን። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ዳቦ ቆሎ እያቀበለችኝ፣ «ይህን ተማሪዎችህ እንዳይሰሙ» ስትለኝ ዋለች።

ጉዞው ይቅር አልልም፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ልጃችን ሲመረቅ በባቡር እንሄዳለን። ዓምዳችሁ ግን በሌላ ጊዜ ስለ ባቡር ሲጽፍ፣ ካርዱን፣ የተጠባባቂ ትኬትንና የቀን አቆጣጠሩን ከዚህ አገር ለሚነሣ ሰው እንዲያብራራ እለምናለሁ። የጉዞ ወኪሎችም ትኬቱን ለደንበኛ ሲሰጡ ቦታው የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑን በአማርኛ ቢጽፉበት ብዙ አይደክሙም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሣ ባቡር ደግሞ ቋንቋችን ከጥንት ያዘጋጀው ቃል አለው። ትኬታችን ጠርዝ ላይ «ለቅዳሜ አጥቢያ» የሚል ቢጻፍበት ኖሮ፣ ዓርብ ማታ ጣቢያው ውስጥ እንገኝ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከጎንደር