ሽጉጡ ቁም ሣጥን ውስጥ የለም

አቡሽዬ፣

ይሄን በአማርኛ የምጽፍልህ ልፈትንህ ብዬ አይደለም። በእንግሊዝኛ ስጽፍ ፎርም የምሞላ ይመስለኛል። ያልገባህን ቃል እናትህን ጠይቃት። እሷ አንብባዋለች፤ ሁለት ቦታ ላይ «ይሄን አውጣው» ብላኛለች። አላወጣሁትም።

ማክሰኞ ዕለት ኤርፖርት ተራ ይዘን፣ ከሾፌሮቹ ጋር ስለ ቤት ዋጋ እያወራን ሳለ ቴክስትህ ገባ። «አይ ላቭ ዩ ዳድ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ሌላ አባት ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። እኔ እጄ ቀዘቀዘ። እኛ ቤት እንዲህ ተባብለን አናውቅማ! እኔ «በላህ?» እላለሁ፣ አንተ «እህ» ትላለህ፣ በቃ።

መኪናውን እንዴት እንዳስነሳሁት አላውቅም። ት/ቤትህ ጋ ስደርስ ፖሊሶቹ መንገዱን ዘግተዋል። ወላጆች ሣሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ሜክሲኳዊ አባት ቀለም የነካካው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቷል። አንዲት ሶማሌ እናት ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የሚያወራ ሰው የለም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ የማውቀው ሌሊት መርዶ ሊነገር ሰው በር ላይ ሲሰበሰብ ነው።

ከዚያ ሎክዳውኑ፣ ክፍል ቆልፎ መደበቁ ማለት ነው፣ ተነሳ። ተኩስ አልነበረም። አንድ ልጅ ስናፕቻት ላይ የለጠፈው ዛቻ ነው ተባለ። አንተም ወጣህና «ራበኝ» አልከኝ።

ነገሩ የከረረው ማታ ነው። ዛቻውን ሰኞ ማታ አይተኸው እንደነበር ስትነግረኝ ጮህኩብህ። አይተህ ተኛህ፤ ጠዋት ተነስተህ ሄድክ። ለምን አልነገርከኝም ስልህ «ስኒች (ጠቋሚ) መባል አልፈልግም» አልክ። ይባስ ጮህኩ። አንተ ግን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አንተም እኮ ሽጉጥ አለህ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር» አልከኝ።

አፌ ተያዘ። የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። ያን ማታ ያልመለስኩልህን ነው አሁን የምጽፍልህ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በዲቪ ነው፤ 1999፣ የካቲት ላይ። (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።) አገር ቤት ባድመ ላይ ጦርነት ነበር። ዴንቨር መሀል ከተማ ፓርኪንግ ተቀጠርኩ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ እዚያች ሳጥን በምታክል ቢሮ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቲቪ ልጆች እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ሲሮጡ አየሁ። እንግሊዝኛው አልገባኝም። የጦር ምርኮኞች ነበር የመሰሉኝ። አለቃዬን የት አገር ነው ብለው «እዚሁ ነው፣ ሊትልተን፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው» አለኝ።

ኮሎምባይን የሚባለው ት/ቤት ማለት ያ ነው። 12 ተማሪና አንድ መምህር ሞቱ። የገዳዮቹን ስም አልጽፍልህም። ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ 18፣ አንዱ 17። ያኔ ሰው ሁሉ «ተሰድበው፣ ተገፍተው ነው» ይል ነበር። ኋላ ማስታወሻቸውና የቀዱት ቪዲዮ ሲታይ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አልነበረም። ምግብ አዳራሹን በቦምብ ሊያጋዩት ነበር ዓላማቸው፤ ቦምቡ አልፈነዳ አለ። ዝና ነበር የፈለጉት። አገኙትም። ቲቪው ለሳምንታት ፊታቸውን ሲያሳይ ከረመ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ እነሱን ያጠኑ ናቸው። 2012 ላይ ኮኔቲከት፣ ሳንዲ ሁክ ት/ቤት ገብቶ የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት 20 የገደለውም፣ ስድስት አዋቂም ጨምሮ፣ የኮሎምባይንን ነገር ሌት ተቀን ሲያነብ የኖረ ነው። መሣሪያው የእናቱ ነበር። መጀመሪያ የገደለውም እሷን ነው።

ት/ቤት ውስጥ የተተኮሰውን እኛ ያለንበትን ኮሎራዶን ብቻ ብቆጥርልህ እንኳ ብዙ ነው። 2006 ቤይሊ። 2013 አራፓሆ፤ ያ ልጅ መምህሩን እገድላለሁ ብሎ በአደባባይ ከዛተ ወራት አልፎት ነበር። 2019 ሃይላንድስ ራንች። 2025 መስከረም ላይ ደግሞ ኤቨርግሪን፤ በዚያው ቀን ሌላ ትልቅ ወሬ ስለነበር አገሩ ልብ ሳይለው አለፈ። ኤቨርግሪንና ኮሎምባይን አንድ ካውንቲ (ወረዳ እንደማለት) ውስጥ ናቸው።

ስለ ቤይሊ አንድ ነገር ልንገርህ። ያኔ ክፍል ውስጥ የታገተችው ልጅ ለወላጆቿ በስልክ የላከችው «አይ ላቭ ዩ ጋይዝ» የሚል ነበር። ሞተች። ወላጆቿ በዚያ ቃል ስም ድርጅት አቋቋሙ። አንተ ሀ ሁ ሳትቆጥር በቃልህ ያወቅኸውን «ሎክስ፣ ላይትስ፣ አውት ኦፍ ሳይት» (ቆልፍ፣ መብራት አጥፋ፣ ተደበቅ) የሚለውን ልምምድ ያወጡት እነሱ ናቸው። ቴክስትህን ሳይ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ስለ ቤት ዋጋ የሚያወራው ሾፌር ምን ሆንክ ሲለኝ መመለስ አቃተኝ።

ለምን በዛ ትለኝ ይሆናል። የሚቆጥሩት ሰዎች ግቢ ውስጥ ሽጉጥ የተመዘዘበትን ሁሉ ይጽፋሉ፤ 2018 ላይ ከ100 አልፎ ነበር፣ 2023 ላይ 350 ተጠጋ። አብዛኛው እንደ ኮሎምባይን ታቅዶ የሚፈጸም አይደለም። ፓርኪንግ ላይ ተጣልተው፣ ኳስ ሜዳ ላይ ተሰዳድበው የሚተኮስ ነው። ድሮ በቡጢ ያልቅ የነበረ ጠብ ዛሬ ቦርሳ ውስጥ ሽጉጥ ስላለ አስከሬን ያስከትላል። ጌም ነው የሚሉ አሉ፤ ጃፓንም ጌም ይጫወታል። የአእምሮ ሕመም ነው ይላሉ፤ እሱስ የት አገር የለም? እዚህ ያለው ሌላ አገር የሌለው ነገር መሣሪያው ነው። ከሕዝቡ ይበልጣል፤ ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። ከ2020 ወዲህ የዚህን አገር ልጆች ከመኪና አደጋ በላይ የሚገድለው ጥይት ነው።

እኔም ከእነዚያ መሣሪያዎች አንዱን ገዝቻለሁ። 2011 ላይ፣ አንተ ሕፃን ሳለህ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሌሊት ሁለት ልጆች አንገቴ ላይ ቢላ አድርገው የሠራሁበትን ወሰዱብኝ። በሳምንቱ ሄጄ ገዛሁ። መንጃ ፈቃዴን ከማሳደስ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀብኝ። ወደ ቤት ስመለስ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። አያትህ ጎጃም ውስጥ ምንሽሩን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ከልጆቹ እኩል የሚያይ ሰው ነበር። መሣሪያ የሌለው ወንድ አይባልም። አንድ ጊዜ ነክቼ የገረፈኝ እስካሁን ይሰማኛል። እኔ የተማርኩበት ት/ቤት ግን ተማሪ ተማሪውን ሲተኩስ አልሰማንም። የኛ ይሻላል እያልኩህ አይደለም፤ ዛሬ እዚያ ጦርነቱ ስንቱን ት/ቤት እንደዘጋ በስልክ ስናወራ ትሰማለህ።

አንድ ቀን እንኳ ታክሲ ውስጥ ይዤው አልወጣሁም። 14 ዓመት ሙሉ ከጋቢው ሥር ተቀመጠ። ጥይቱ እዚያው አጠገቡ ነው፣ ካልሲ ውስጥ። ቁልፍ የለውም።

ሲክሬት ሰርቪስ፣ ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቁት ማለት ነው፣ ከኮሎምባይን በኋላ ቁጭ ብለው 37 ጥቃቶችን አጥንተው ነበር። ገዳይ ልጅ መልኩ ይሄ ነው የሚባል ነገር አጡ። ጎበዝ ተማሪ አለ፣ ሰነፍ አለ፣ ብቸኛ አለ፣ ጓደኛ የበዛለት አለ። ሁለት ነገር ግን አገኙ። ከአሥሩ በስምንቱ ሌላ ሰው አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ጓደኛ፣ ወንድም፣ አብሮ ተማሪ። ከሦስት እጁ ሁለቱ ደግሞ መሣሪያው የመጣው ከራሱ ቤት ወይ ከዘመድ ቤት ነው። ይሄን ያነበብኩት ማክሰኞ ሌሊት ነው። አንተ አይተህ ዝም ብለሃል። እኔ ሽጉጥ ከጋቢ ሥር አስቀምጫለሁ። ሁለቱም እኛ ቤት ነበሩ።

ሚሺጋን፣ ኦክስፎርድ የሆነውንም ያኔ ነው ያነበብኩት። 2021 ነው። አባትየው ለ15 ዓመት ልጁ ሽጉጥ ገዛለት። በአራተኛው ቀን ጠዋት መምህር የልጁን የሒሳብ ወረቀት አየ፤ የሽጉጥ ሥዕልና «እርዱኝ» የሚል ጽሑፍ። ወላጆቹ ተጠሩ። ይዛችሁት ሂዱ ሲባሉ ሥራ አለን ብለው ትተውት ሄዱ። ቦርሳውን ማንም አልከፈተውም። አራት ልጆች ገደለ። 2024 ላይ አባትም እናትም ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። «ሥራ አለን» የሚለው ጋ ስደርስ ስልኩን ዘጋሁት። ስንት ጊዜ ብዬሃለሁ እሱን!

እዚህ ኮሎራዶም ከ2021 ጀምሮ መሣሪያን ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ሳይቆልፉ ማስቀመጥ ያስጠይቃል። አራት ዓመት ሙሉ ሕግ ስጥስ ኖሬያለሁ። ለዘጠኝ ማይል ትርፍ ፍጥነት ግን ትኬት ስትቀበል ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ።

ስኒች ስላልከው ደግሞ። በአማርኛ ጆሮ ጠቢ ነው የምንለው። በደርግ ጊዜ ጆሮ ጠቢ ያስበላው ሰው ስንት ነው! አያትህ «ያየኸውን አላየሁም፣ የሰማኸውን አልሰማሁም በል» እያለ ነው ያሳደገኝ። እኔም ለአንተ «በሰው ጉዳይ አትግባ» እያልኩ ያንኑ አወረስኩህ። ስለዚህ ማታ የጮህኩት በራሴ ትምህርት ላይ ነው። ይቅርታ። ግን ያ ዝምታ የተሠራው ለሌላ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሰው ጠቁመህ መንግሥት ይገድለው ነበር። አሁን ጠቁመህ ልጁም ሊተርፍ ይችላል። ሴፍ ቱ ቴል የሚባለውን ስልክህ ላይ ጫነው፤ ከኮሎምባይን በኋላ የመጣ ነው፣ ስምህን አይጠይቅም። ወይም እኔን ቀስቅሰኝ። ሌሊት እንደሆነ እየነዳሁ ነው።

ረቡዕ ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። ጥይቱን አውጥተህ፣ ሽጉጡን የመኪናህ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አድርገህ ና፣ ይዘኸው እንዳትገባ፣ አሉኝ። አስረከብኩ። ወረቀት ሰጡኝ። ጋቢው ብቻ ነው ያለው፤ ሄደህ እይ።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች። ዓርብ ዓርብ የምታድርበት ጓደኛህ ቤት። የሰውን ቤት «መሣሪያ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሌባ ያስመስላል። ለአባትየው ደወልኩለት። ስለ ጤናው ጠየቅሁ፣ ስለ ባለቤቱ ጠየቅሁ፣ ስለ ዕቁቡ ጠየቅሁ። ከዚያ አወጣሁት። ዝም አለ። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ «አለ። አልጋ ሥር ነው» አለኝ። ቅዳሜ የሚቆለፍ ሣጥን ልንገዛ ተቀጣጥረናል፤ አንተም ትመጣለህ።

«ልጁ ግን አያውቅም» አለኝ።

ያውቃል አይደል?

አባትህ