ትርፍ ቁልፍሽን ለእማማ ስጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ትናንት ከቅዳሴ ስትመለስ ጎራ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ለአባዬ እንዳትነግሪ ብለሽ አስምለሻት ነበር አሉ። እሷ መች ምስጢር ትችልና! መብራት የጠፋ ማታ ደረጃ ላይ ወድቀሽ፣ እያነከስሽ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተሽ፣ ስልክሽ ባትሪ ጨርሶ፣ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ብቻሽን ተጋድመሽ ዋልሽ። ያን ሁሉ ሰዓት በርሽን ያንኳኳ ሰው የለም። ለምን አልደወልሽም ብዬ አልቆጣሽም። የምቆጣሽ በሌላ ነው። ትርፍ ቁልፍሽን ግራውንድ ላሉት እማማ ስጪ ብዬሽ ነበር። ሰጠሽ? አልሰጠሽም።

እግርሽን ደግሞ ወጌሻ ጋ ወስደሽ እንዳታሳሺው። መጀመሪያ ራጅ ተነሺ። ወጌሻው የትም አይሄድም።

የኔ እናት፣ ያ ቤት እንዴት እንደመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እናትሽ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ስትመዘገብ አንቺ ገና ተማሪ ነበርሽ። ከአስር ዓመት በላይ ጠበቅን። ዕጣው ሲወጣ ቱሉ ዲምቱ መሆኑን ሰምቼ፣ «ይሄማ ደብረ ዘይት ሊደርስ ነው» ብዬ ሳቅኩ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ግን አትስቅም ነበር፤ እልል ነበር የምትለው። እና ቤቱን ትተሽ ተመለሽ አልልሽም። አጎትሽ እንዲህ እያለ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እሱን አትስሚው። የራስሽ በር አለሽ፣ በርሽን ዘግተሽ ታድሪያለሽ፣ ትልቅ ነገር ነው። ሽሮ ሜዳ በሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ እየነቃሽ ያደግሽ ልጅ ጸጥታ ቢያምርሽ አይፈረድብሽም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ የምትኖሪበትን ሰፈር አታውቂውም። ሌሊት ትተሽው ትሄጃለሽ፣ ማታ ትመለሽበታለሽ። ቀን ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ጣሪያችን ሲቀየር አንቺ ጋ ከርሜ የለ!

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደረጃው ኮቴ ብቻ ይሆናል። በር ይከፈታል፣ ይቆለፋል፣ ሁሉም በስልኩ መብራት እየተመራ ይወርዳል። ሰላምታ የለም። ታክሲ ሰልፍ ላይ የአንድ ሰው ጀርባ ማለት የአስር ደቂቃ ልዩነት ነውና እኔም ሰው አልወቅስም። ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር በእናንተ በኩል የሚያልፍ መስሎኝ ነበር፤ ቃሊቲ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሰልፍና የእግዜር ነው። ፀሐይ ስትወጣ ያ ሁሉ ፎቅ ባዶውን ይቀራል። በረንዳው ላይ የተደረደረው ዲሽ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አንጋጦ፣ ከታች ሕፃን ያዘሉ ሠራተኞችና እንደኔ ያለ ጡረተኛ ብቻ። የመጀመሪያው ቀን እውነት ለመናገር ፈርቼ ነበር። ሰው ሳይሞት ሰፈር እንዲህ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ለመድኩት። ጥበቃው ጋ በርጩማ ይዤ እየወረድኩ እቀመጥ ጀመር። ሰውዬው ማን እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እዚያው ቦታ ላይ ጤፍ ያርስ የነበረ ገበሬ ነው። መኪና የምታቆሙበትን ቦታ በዱላው እያመለከተ፣ እዚህ ጋ ጎተራዬ፣ እዚያ ጋ በረቴ ነበር አለኝ። ሲናገር አያማርርም፤ የሌላ ሰው ንብረት የሚያሳይ ነው የሚመስለው። በቃሊቲ መስመር አውቶቡስ ስነዳ የለቃቀምኳት ኦሮምኛ ያን ጊዜ ጠቀመችኝ። የአንቺንም ስም ያውቃል። የሁላችሁንም ያውቃል፣ ስንት ሰዓት እንደምትወጡና ስንት ሰዓት እንደምትገቡ ሳይቀር። የወደቅሽ ለታ ግን ተራው አልነበረም፤ ለቅሶ ሄዶ ነበር። አጣርቻለሁ።

ደግሞ ይሄን ስሚ። ውሃ የምትመጣው እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ ነው፤ ያውም ግራውንድ ላይ እንጂ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጉልበት የላትም። ማታ ስትገቢ ጀሪካኖችሽ ሞልተው ስታገኚ፣ አባዬ ለምን ትሸከማለህ እያልሽ ትቆጪኝ ነበር። እኔ በዚህ ጉልበቴ? እማማ ናቸው ከቧንቧቸው እየሞሉ የእህታቸውን ልጅ የሚያሸክሙት። አትንገሯት፣ ታፍራለች ብለው ነው ዝም ያልኩት። ስማቸውን እንኳ ታውቂያለሽ? እማማ ብቻ! ሰው ውሃ ሞልቶ እያወጣልሽ፣ አንቺ ለቁልፍ ሰው ታማርጫለሽ። ቁልፉን ለእሳቸው ስጪ።

ሌባ ይገባል ትይኝ ይሆናል። የሚገባ ሌባ ቁልፍ አይለምንም።

አንበሳ አውቶቡስ ስነዳ፣ በሳሪስ በኩል በመጀመሪያው አውቶቡስ የሚሳፈር አንድ ሰውዬ ነበር። ካኪ ኮት ይለብሳል፣ ትንሽ ራዲዮ ከጆሮው አይለይም። ትኬት ቆራጯ «ባለ ራዲዮው» ብላ ስም አወጣችለት፣ በዚያው ጸና። ከኋላዬ ያለችውን ቦታ ሰው ቢቀመጥባት ተሳፋሪው ራሱ ያስነሣለት ነበር። የአውቶቡሱ ዜና አቅራቢም እሱ ነበር፤ ደርግ ወደቀ የሚለውን ወሬ እንኳ መጀመሪያ የሰማነው ከእሱ ነው። ከዚያ አንድ ሳምንት ሳይመጣ ቀረ። ተሳፋሪው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም መልሼ እነሱን እጠይቃለሁ። ለካ ስሙን የሚያውቅ የለም! ቤቱን የሚያውቅ የለም! ስንት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን፣ ለቅሶ ቢሆን እንኳ የት ሄደን ነው የምንደርሰው? ትኬት ቆራጯ አለቀሰች። ሞቷል ብለን ተስማማን ማለት ይቻላል።

እኔን ግን አላስቻለኝም። አንድ ቀን ከሰዓት ተራዬን ጨርሼ ሳሪስ ወረድኩና ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ፣ ራዲዮ የሚይዝ ካኪ ለባሽ ሰውዬ ታውቃላችሁ እያልኩ ጠየቅኩ። ሰው እንደ እብድ ያየኛል። በመጨረሻ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ እጄን ይዛ አንድ ግቢ አስገባችኝ። ሰውዬው በረንዳ ላይ እግሩን በጀሶ ታስሮ ተዘርግቷል፤ ራዲዮው ከጎኑ ይጮሃል። ቀና ብሎ አየኝና ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁን ነው የምትመጣው?» ብሎ ተቆጣኝ። ተኮራርፎ የቆየ ወንድም ነው የሚመስለው። ባለቤቱ ከጓዳ እየሳቁ ወጡ፤ ሹፌሩ ይመጣል እያለ በር በሩን ሲያይ ነው የሰነበተው አሉኝ። እንጀራ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ አምሽቼ ገባሁ።

እኚያ ሴትዮ እትዬ ብርቄ ናቸው። የክርስትና እናትሽ። የሰርግ ቤት ትውውቅ ነው ስትይ ሰምቼሽ አውቃለሁ፤ አይደለም፣ እንዲህ ነው የተገናኘነው። እናትሽ ሁለተኛዋ ልጅ ስትጨነግፍባትና እኔ ቃሊቲ ስቀር ማን እንደደረሰላት ጠይቂያቸው፣ ይነግሩሻል። ወደ ቤትሽ ስታልፊ ሳሪስ መንገድሽ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሄደሽ አልጠየቅሻቸውም፤ እሱንም ሰምቻለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዕድር ግቢ ያልኩሽን ገፍቼ አልነዘንዝሽም፤ በወር የሚከፈለው ከማኪያቶሽ አይበልጥም፣ ግን እሱን ቀስ ብለሽ ታስቢበታለሽ። ቁልፉ ይቅደም። በዚህ ሳምንት። ስትሰጫቸው እጅሽን አንጠልጥለሽ አትሂጂ፤ ግማሽ ኪሎ ቡና ያዢ፣ ሳይፈጭ፣ ጥሬውን። ቁጭ በይ ካሉሽ ቁጭ በይ። ይረፍድብኛል አትበይ፣ እሑድ ሄደሽ አይረፍድብሽም። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አትነሺ።

ማታ ማታ ሰልፍ ሲረዝም ከማታውቂው ሰው ጋር ተዳብለሽ በቤት መኪና እንዳትገቢ። ከቃሊቲ ወዲያ ያለው መንገድ ጨለማ ነው፣ በደንብ አውቀዋለሁ። ቢመሽብሽ እትዬ ብርቄ ጋ እደሪ።

ጥርስሽን እየነከስሽ እያነበብሽ እንደሆነ ይታየኛል። አባዬ ሽማግሌ ሆነ፣ ነገር ይደጋግማል እያልሽ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ሌሊት ስነቃ ያ ደረጃ ነው የሚመጣብኝ። አንቺን ስናሳድግ ትኩሳትሽ ሲነሣ የጎረቤት በር መምታት እንጂ ሌላ ብልሃት አልነበረንም፤ አንቺ አሁን የምትመቺው በር ከሌለሽ እኔ እዚህ እንቅልፍ ከየት ይመጣልኛል?

በርበሬና ሽሮ በአክስትሽ ልጅ እልካለሁ። ዕቃውን መልሺልኝ፤ ያለፈውንም አልመለሽም። የመብራት ካርድሽን ሳያልቅ ሙዪ። ደረጃው ላይ አምፖል እንዲገባ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቺ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። ፈርማችሁ ብትሰጡ ይሻላል፤ ፊርማውን ስታሰባስቢ ያን ጊዜ የጎረቤቶችሽንም ስም ታውቂያለሽ።

የሚመጣው ሳምንት እሑድ እመጣለሁ። በእግርሽ ቆመሽ ምግብ እንዳትሠሪ፤ ከሠራሽም ሽሮው ላይ ቃሪያ አታብዢ፣ ጨጓራዬ ተነሥቷል። ስደርስ አንቺ ጋ አልወጣም። መጀመሪያ ግራውንድ አንኳኩቼ፣ ቁልፉ እማማ ጋ መኖሩን ጠይቄ ነው የምወጣው።

የሚወድሽ አባትሽ
ሽሮ ሜዳ